ለፓወርድ ስፒከር ፕሮሰሰር ስትመርጡ፦ ከስፒከሩ ጀርባ እስከ መጀመሪያው ሥራ

ሐዋሳ ውስጥ የሠርግ፣ የጉባኤና የስብሰባ ድምፅ የሚሠሩ ልጆች ሳምንት ሳይሞላ ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ሁለት ቶፕ፣ ሁለት ቤዝ አለኝ፤ ሁሉም ፓወርድ ናቸው። የትኛውን ፕሮሰሰር ልግዛ?» እኔም መልሼ «እስቲ የቤዝህ ጀርባ ላይ ምን ተጽፏል?» እላለሁ። ብዙዎቹ ስልኩን እንደያዙ ዕቃ ቤት ገብተው ሽፋኑን ሲገልጡ ይሰማኛል። መልሱ ያለው እዚያ ነውና ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። ለሥራው አዲስ ለሆነ፦ ቤዝ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቶፕ ከዚያ በላይ ያለውን የሚያወጣ ስፒከር ነው፤ ፓወርድ አምፑ ውስጡ ያለ፣ ፓሲቭ ከውጭ አምፕ የሚፈልግ ነው፤ ፕሮሰሰር ደግሞ በሚክሰሩና በስፒከሮቹ መካከል ሆኖ ድምፁን የሚያከፋፍልና የሚያስተካክል ሳጥን ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ። ለፓሲቭ ስፒከር የሚሰጠው ምክር ለፓወርድ አይሆንም። ፓሲቭ ላይ ፕሮሰሰሩ ወፍራሙን ድምፅ ለዎፈር፣ ቀጭኑን ለትዊተር ከፍሎ (ይህ ክሮስኦቨር ይባላል) ለየአምፑ ያድላል፤ ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድበው ሊሚተሩም ስፒከሩን ከመቃጠል ይጠብቃል። ፓወርድ ስፒከር ውስጥ ግን አምፑም፣ ክሮስኦቨሩም፣ ሊሚተሩም ፋብሪካ ላይ ተለክተው ገብተዋል። ስለዚህ እናንተ ፕሮሰሰር የምትገዙት ስፒከሩን ለማዳን አይደለም። ቶፕና ቤዝን ለማስማማት፣ ራቅ ብለው የቆሙ ስፒከሮችን በዲሌይ (ድምፁን በማዘግየት) ከመድረኩ ጋር ለማገናኘት፣ ሲስተሙንም ከሚክሰሩ ውጭ አስተካክሎ ለመቆለፍ ነው። ከእነዚህ አንዱንም የማትፈልጉ ከሆነ ገንዘቡን ለጥሩ ኬብልና ለስታብላይዘር አውሉት።

የሚያስፈልጓችሁ ዕቃዎች

- የስፒከሮቹ ማንዋል (ከጠፋ በሞዴሉ ስም ከአምራቹ ድረ ገጽ ይወርዳል)
- ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ መጻፍ የሚቻልበት ፕላስተር
- 30 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሚለካ የግንበኛ ሜትር
- በእርግጠኝነት የሚሠሩ ኤክስኤልአር ኬብሎች
- ፒንክ ኖይዝ (ከወፍራም እስከ ቀጭን ሁሉንም የያዘ የሙከራ «ሽሽታ») እና አንድ ወጥ ቶን የሚያወጣ አፕ የተጫነበት ስልክ፣ ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድም
- ቮልቴጅ የሚለካ ቴስተር
- ከተገኘ ለልኬት የተሠራ ማይክ
- ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላችሁ የምታውቁት አንድ ዘፈን ወይም መዝሙር

1. የስፒከሮቻችሁን ጀርባ አንብቡ

ቶፑ ጀርባ ላይ 80፣ 100 ወይም 120 የሚል ማብሪያ ወይም ሜኑ ካለ፣ ቶፑ ወፍራሙን ድምፅ በራሱ መቁረጥ ይችላል ማለት ነው። ቤዙ ጀርባ ላይ ደግሞ መውጫዎቹን ተመልከቱ። «ትሩ» የተባለው የገባውን ሲግናል ሳይነካው ያሳልፋል። «ሃይ ፓስ» የተባለው ወፍራሙን አስቀርቶ ሌላውን ወደ ቶፑ ይልካል። ቤዙ ስንት ሄርዝ ላይ እንደሚቆርጥ፣ ያንንም ማጥፋት ይቻል እንደሆነ ከማንዋሉ ፈልጋችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉ።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ከራሴ ልንገራችሁ። አቶቴ አካባቢ በአንድ የሠርግ ድንኳን ቶፑም ቤዙም በራሳቸው 100 ሄርዝ ላይ ይቆርጡ ነበር። እኔ አላየሁም፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ደግሜ 100 ላይ ቆረጥኩ። ሙዚቃው ሲነሳ መሬቱ ይርገበገባል፣ የከበሮው ምት ግን ደረት ጋ አይደርስም። ድምፁን በየቦታው ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ኢኩዋላይዘር ላይ 100ን ከፍ አደረግሁ፤ የቤዙ ቀይ መብራት በራ እንጂ ጉድለቱ አልሞላም። ሚዜዎቹ «ቤዙን ጨምርልን» እያሉ ሲመላለሱ አመሹ። ነገሩ የገባኝ ሌሊት ቤት ገብቼ ማንዋሉን ስገልጥ ነው። ሊንክዊትዝ ራይሊ የሚባለው ፊልተር መቁረጫው ላይ እያንዳንዱን ወገን 6 ዴሲቤል ይቀንሰዋል፤ ቶፕና ቤዝ ሲደመሩ ያ የተቀነሰው ይሞላል። ሁለቴ ከተቆረጠ ግን እያንዳንዱ 12 ይወርድና ተደምረውም 6 ዴሲቤል ይጎድላል። አንዱ ብቻ ሁለቴ ሲቆረጥ ደግሞ ይብሳል፤ የሁለቱ ሞገድ ተቃራኒ ሆኖ እርስ በርሱ ይበላላል።

ስለዚህ ቆራጩ አንድ ይሁን። የስፒከሮቹን መቁረጫ ማጥፋት የሚቻል ከሆነ አጥፍታችሁ ለፕሮሰሰሩ ስጡት። የቤዙ መቁረጫ የማይጠፋ ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ላይ የቤዙን መስመር ሳትቆርጡ ተዉትና ቶፑን ብቻ ከቤዙ ጋር አዛምዱ። ቶፑና ቤዙ የአንድ ፋብሪካ ተከታታይ ምርት ከሆኑና ቤዙ የራሱ ሃይ ፓስ መውጫ ካለው ደግሞ ለሁለት ቶፕና ለሁለት ቤዝ ብቻ ፕሮሰሰር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ብዙ ደዋዮቼ እዚህ ላይ ያዝናሉ፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

2. የምትሠሩበትን ቦታ ስላችሁ መውጫ ቁጠሩ

ወረቀት ላይ መድረኩን፣ ስፒከሮቹን፣ የሰው መቀመጫውን ሳሉ። እያንዳንዱ የተለየ ዲሌይ፣ የተለየ ኢኩዋላይዘር ወይም የተለየ መጠን የሚፈልግ ስፒከር አንድ መውጫ ይወስዳል። ሁለት ስፒከሮች አንድ ዓይነት ቅንብር የሚበቃቸው ከሆነ ከአንድ መውጫ ተቀጣጥለው ይሠራሉ።

ለተራ ሠርግ ግራ፣ ቀኝና ቤዝ ሦስት መውጫ ነው። ድንኳኑ ረዝሞ መሐል ላይ ሁለት ስፒከር ከተጨመረ አራት። መድረኩ ሰፊ ሆኖ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ንግግሩ ካልተሰማቸው ለእነሱ ትንሽ ስፒከር መሬት ላይ ይቀመጣል፤ አምስት ሆነ። ለዚህ ነው 2 መግቢያና 6 መውጫ ያለው ፕሮሰሰር ለብዙ ሰው የሚበቃው። ዲቢኤክስ ድራይቭራክ ፒኤ2 እንዲህ ዓይነት ነው። የመድረክ ሞኒተሮችን (ዘፋኙ ራሱን የሚሰማባቸውን) እዚህ አትቁጠሯቸው፤ እነሱ በቀጥታ ከሚክሰሩ ኦክስ፣ ማለትም ለብቻው ከሚስተካከል ተጨማሪ መውጫ፣ ይወጣሉ።

ቤዙን ከሚክሰሩ በተለየ ኦክስ የምትልኩ ከሆነ ግን ሦስተኛ መግቢያ ያስፈልጋል። ቤሪንገር ዲሲኤክስ2496 እና ድራይቭራክ ቬኑ360 3 መግቢያና 6 መውጫ አላቸው። በተለየ ኦክስ መላክ ጥቅሙ ከበሮ፣ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ብቻ ወደ ቤዙ እንዲሄዱ ማድረጉ ነው። ሐይቁ ዳር ከሰዓት በኋላ የሠራ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ነፋሱ የሰባኪውን ማይክ ሲመታ ቤዙ «ዱም ዱም» ይላል። ማይኩ ወደ ቤዙ ካልተላከ ይህ የለም።

3. ሚክሰራችሁ ሥራውን ይችል እንደሆነ እዩ

ብዙ ዲጂታል ሚክሰሮች በየመውጫቸው ፓራሜትሪክ ኢኩዋላይዘር (የሚነካውን ቦታና ስፋት መምረጥ የሚቻልበት) አላቸው፤ አንዳንዶቹ ዲሌይና ክሮስኦቨርም ይሰጣሉ። ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ ሦስቱም በእያንዳንዱ መውጫ መኖራቸውን አረጋግጡ። ዲሌዩ መግቢያው ላይ ብቻ ያለበት ሚክሰር አለና «ዲሌይ አለው» የሚል ወሬ አይብቃችሁ። ያለ ሥራ የተቀመጠ መውጫ መኖሩንም ቁጠሩ።

ሁሉም ካለና የምትሠሩት ሁልጊዜ በዚያው ሚክሰር ከሆነ ፕሮሰሰሩን ተዉት። ዕቃ የምታከራዩ ከሆነ ግን ለየት ይላል። ዘማሪው ወይም ባንዱ የራሱን ሚክሰርና የራሱን ሳውንድ ሰው ይዞ ይመጣል። ያኔ የሲስተሙ ልክ ሚክሰሩ ውስጥ ካለ አብሮ ይሄዳል፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ተቆልፎ ካለ ግን የመጣው ሁሉ የተስተካከለ ሲስተም ያገኛል። ለእኔ ፕሮሰሰር የሚገዛበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

4. ሳይኖሩት መግዛት የሌለባችሁ ነገሮች

መጀመሪያ ዲሌይ። በየመውጫው መኖር አለበት፤ ርዝመቱም ለቦታችሁ መብቃት አለበት። ድምፅ በ25 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 346 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በቀላሉ ሜትሩን በ2.9 ብታበዙት ሚሊሰከንዱን ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ጥንድ ስፒከር ከመድረኩ 24 ሜትር ላይ ከቆመ ወደ 70 ሚሊሰከንድ ነው። ጉዱማሌን በመሰለ ሰፊ ሜዳ 60 ሜትር ላይ ስታቆሙ ደግሞ 174 ይደርሳል። አንዳንድ ፕሮሰሰር መውጫው ላይ ያለው ዲሌይ ቶፕና ቤዝ ለማስማማት ብቻ የተሰጠ 10 ሚሊሰከንድ ነው፤ ያ 3 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። የስፔክ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ሳታዩ አትክፈሉ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሒሳቡ ይለወጥ እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። አይለወጥም፤ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ከፍታው ሳይሆን የአየሩ ሙቀት ነው።

ቀጥሎ ክሮስኦቨር። በኦክታቭ (ሄርዙ እጥፍ ወይም ግማሽ በሆነ ቁጥር) 24 ዴሲቤል የሚቆርጥ ሊንክዊትዝ ራይሊ ይኑረው፤ የቶፑና የቤዙ ቁጥርም ለየብቻ የሚለወጥ ይሁን። ካልሆነ በቁጥር 1 ያልኩትን ማስተካከያ መሥራት አትችሉም።

ኢኩዋላይዘሩ ፓራሜትሪክ ይሁን፤ በየመግቢያውም በየመውጫውም። ግራፊክ 31 ባንድ ያለው ሳጥን ለዓይን ይማርካል፣ ግን የባንዱን ቦታና ስፋት መለወጥ ስለማይቻል አንድ ጠባብ ችግር ለማጥፋት አካባቢውን ሁሉ ትጎዳላችሁ። የፖላሪቲ (የሞገዱን ወደፊትና ወደኋላ) መገልበጫ በየመውጫው ይኑር። መቆለፊያ ኮድ ይኑር። መግቢያና መውጫው ባላንስድ ኤክስኤልአር ይሁን፤ ድንኳን ውስጥ የመብራት ገመድና የድምፅ ገመድ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ባላንስድ ካልሆነ «እምምም» የሚለው ጩኸት ይገባል።

በስልክ ወይም በታብሌት የሚታዘዝ ከሆነ በምን እንደሚገናኝ ጠይቁ። ፒኤ2 ለምሳሌ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ነው ያለው፤ ያለ ገመድ ለመሥራት ራውተር መጨመር አለባችሁ።

«ፊድባክ ያጠፋል» በሚል ብቻ ግን አትምረጡ። ፊድባክ ማጥፊያው ማይኩ የሚያፏጭበትን ድምፅ ፈልጎ ይቆርጣል፤ ማይኩ ከስፒከሩ ፊት ከቆመ ሲቆርጥ ሲቆርጥ የሰባኪው ድምፅ ራሱ ይከሳል። ስፒከሩን ከማይኩ ፊት ማስቀደም የበለጠ ይሠራል፣ በነጻም ነው።

5. የሲግናሉን መጠን አዛምዱ

የሙያ ዕቃዎች ደረጃ +4 ዲቢዩ ነው፤ በቮልት 1.23 ማለት ነው። የቤት ዕቃዎች −10 ዲቢቪ ናቸው፤ 0.316 ቮልት። ልዩነቱ 12 ዴሲቤል ገደማ ነው። የምትመርጡት ፕሮሰሰር መግቢያው +20 ዲቢዩ ወይም ከዚያ በላይ መሸከም አለበት። ካልሆነ ሚክሰሩ ገና አረንጓዴ እያሳየ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ እናንተም ሌሊቱን ሙሉ ጥፋቱን ስፒከሩ ላይ ትፈልጋላችሁ። የ+4 እና የ−10 መምረጫ ካለው +4 ላይ አድርጉት።

የስፒከሩ ጀርባ ያለው ቁልፍ ኃይል አይጨምርም፤ የመግቢያውን ስሜት ነው የሚለውጠው። እስከ ጥግ ከከፈታችሁት የፕሮሰሰሩን «ሽሽሽ» አብሮ ያጎላዋል። 0 የሚል ምልክት ካለው እዚያ ላይ ያቁሙት፤ ሁሉም ቶፖች አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ቤዞች አንድ ዓይነት ይሁኑ።

6. መብራቱን አስቡበት

የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ጀርባውን እዩ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሰላም ነው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ሶኬት ላይ በሰካችሁት ቅጽበት ይቃጠላል።

ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ነው። መብራት ሲሄድ ይጠፋል፣ ጀነሬተር ሲነሳ እንደገና ለመነሳት ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዱ ሲነሳ «ዷ» ብሎ ቤዙን ይመታዋል። ለሚክሰሩና ለፕሮሰሰሩ ብቻ ትንሽ ዩፒኤስ ግዙ። ስፒከሮቹን ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፤ ከአቅሙ በላይ ነው። ጀነሬተሩ ሲነሳም ቮልቴጁን በቴስተር ለክታችሁ፣ መረጋጋቱን አይታችሁ ነው ስፒከር የምታበሩት። ስታበሩ መጀመሪያ ሚክሰር፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰር፣ መጨረሻ ስፒከር። ስታጠፉ መጀመሪያ ስፒከር።

ማስጠንቀቂያ፦ «እምምም» ለማጥፋት ብላችሁ የመሬት መስመሩን ከሶኬቱ አትቁረጡ፤ የመሬት ፒን የሌለው አዳፕተርም አትጠቀሙ። ስፒከሩ ውስጥ ገመድ ቢላላ ያ ኃይል የሚሄደው ማይክ ወደያዘው ሰው ነው። ሚክሰሩን፣ ፕሮሰሰሩንና ስፒከሮቹን ከአንድ ማከፋፈያ ስጡ፤ ካልጠፋ መካከላቸው የሲግናል ትራንስፎርመር አስገቡ።

7. ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ ሞክሩ

አንድ ፓወርድ ስፒከርና ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሲግናል አስገብታችሁ እያንዳንዱን መውጫ አንድ በአንድ ስሙ። አምስቱ እየሠሩ አንዱ የሞተ ፕሮሰሰር ገጥሞኛል። ቁልፎቹን አዙሩ፤ ቁጥሩ እየዘለለ ከሄደ ቁልፉ አልቋል። ዲሌዩን ክፈቱት፣ ፖላሪቲውን ገልብጡት። ቅንብር ሴቭ አድርጋችሁ ገመዱን ንቀሉት፤ ሲነሳ ያንኑ ይዞ መነሳቱን አረጋግጡ። ያገለገለ ከሆነ በተለይ ኮድ ተቆልፎበት እንዳይሆን ሜኑው ውስጥ ግቡ። ሻጩ ኮዱን ካላወቀው የምትገዙት መለወጥ የማይቻል ሳጥን ነው።

8. የመጀመሪያው ገጠማ

ሀ) የነበረውን ቅንብር አጥፍታችሁ ሁሉንም ዜሮ አድርጉ። ፕሮሰሰሩ በራሱ የመነሻ ጥያቄ ሲጀምር የአምፕ ስም ቢጠይቃችሁ ያልያዛችሁትን አምፕ አትምረጡ፤ ለፓሲቭ የተሠራ ሊሚተርና ኢኩዋላይዘር ይጭንባችኋል።

ለ) መውጫዎቹን አንድ በአንድ ክፈቱ። ግራ የተባለው በእርግጥ ግራ መሆኑን ጆሯችሁ ይፍረድ። ፒንክ ኖይዝ ስትጀምሩ ከዝቅተኛ ተነሡ፤ ስፒከሩ ፊት ቆሞ የሚነካካ ሰው አይኑር። ሁሉም ስፒከር በፕሮሰሰሩ በኩል ይሂድ። ዲጂታል ፕሮሰሰር ድምፁን በጥቂቱ ያዘገያል፤ ቤዙን ከሚክሰሩ በቀጥታ፣ ቶፑን በፕሮሰሰሩ ካደረጋችሁ መጀመሪያውኑ ተለያዩ።

ሐ) ክሮስኦቨሩን ወስኑ። ባለ 12 ወይም ባለ 15 ኢንች ቶፕ ከያዛችሁ ከ80 እስከ 100 ሄርዝ መካከል ጀምሩ። ትንንሽ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች ከሆነ 120 ይሻላል፤ ዝቅ ስትሉ ትንሹ ዎፈር አየር ለመግፋት ሲፍጨረጨር ይደክማል።

መ) ቶፕና ቤዝን አስማሙ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ልዩነቱ የሚሰማው ግን እዚህ ነው። አንድ ቶፕና ከጎኑ ያለውን ቤዝ ብቻ ክፈቱ። ከፊታቸው 10 ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁሙ። ክሮስኦቨራችሁ 100 ከሆነ ከስልካችሁ የ100 ሄርዝ ቶን ልቀቁ፤ መጀመሪያ ቶፑን ብቻ፣ ቀጥሎ ቤዙን ብቻ እየሰማችሁ መጠናቸውን እኩል አድርጉ። አሁን ሁለቱንም ክፈቱና የቤዙን ፖላሪቲ ገልብጡ። አንድ ሰው የዲሌዩን ቁጥር በግማሽ ሚሊሰከንድ እያስኬደ እናንተ ስሙ። በቅድሚያ ቶፑ ላይ ሞክሩት፤ የቤዙ ፊልተሮች ራሳቸው ድምፁን ስለሚያዘገዩ ብዙ ጊዜ መጠበቅ ያለበት ቶፑ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቶኑ እየሳሳ ይሄድና ድንገት የጠፋ ያህል ይሆናል። ቤዙ የተዘጋ ይመስላችኋል፤ ሄዳችሁ መረቡን በጣታችሁ ብትነኩት ግን ይንቀጠቀጣል። እዚያ ላይ አቁሙ። ፖላሪቲውን መልሱት፤ ሁለቱ ተደምረው ቶኑ ከፍ ብሎ ይነሳል።

ይህ የሚሆነው ተቃራኒ ሞገዶች በደንብ የሚጠፋፉት ጊዜያቸው ሲገጥም ብቻ ስለሆነ ነው፤ ጆሮም «በጣም ጮኸ» ከሚለው ይልቅ «ጠፋ» የሚለውን ቀላል አድርጎ ይለያል። ጥንቃቄው ይህ ነው፦ 100 ሄርዝ በየ10 ሚሊሰከንዱ ራሱን ይደግማል። ስለዚህ 2 ላይ የጠፋው 12 ላይም ይጠፋል። ቶፑና ቤዙ አንድ መስመር ላይ ከቆሙ ትንሹን ቁጥር ያዙ፤ ትልቁን ከያዛችሁ ቶኑ ይስማማል፣ የከበሮው ምት ግን ሁለት ሆኖ ይሰማል።

ሠ) ራቅ ያሉትን ስፒከሮች አዘግዩ። ከመድረኩ ስፒከር እስከ ሁለተኛው ስፒከር በሜትር ለኩ፣ በ2.9 አብዙ፣ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ጨምሩ። ለ24 ሜትሩ ድንኳን 80 ወይም 85 ይሆናል። ጭማሪው ጆሮ ቀድሞ የመጣውን ድምፅ አቅጣጫ ስለሚከተል ነው፤ መሐል የተቀመጠው እንግዳ ሰርገኞቹን ከፊቱ እንጂ ከጭንቅላቱ በላይ አይሰማቸውም። መድረኩ ላይ አንድ ሰው እያጨበጨበ በማይክ ሲገባ፣ እናንተ ሁለተኛው ስፒከር ሥር ቁሙ። ጭብጨባው ሁለት ከሆነ ቁጥሩ ተሳስቷል።

የሐዋሳ ቀንና ማታ እንደማይመሳሰሉም አስታውሱ። 30 ሜትር በ28 ዲግሪ 86 ሚሊሰከንድ ሲሆን በ16 ዲግሪ 88 ይሆናል። 2 ሚሊሰከንዱን የጨመርነው ይሸፍነዋል፤ ለ60 ሜትር ሜዳ ግን ማታ ላይ አንድ ጊዜ መልሳችሁ አዳምጡ።

ረ) ኢኩዋላይዘር መጨረሻ ላይ ይምጣ። የማይስማማ ቶፕና ቤዝ በኢኩዋላይዘር አይታረቅም። ድንኳኑ ውስጥ አምስት ስድስት ቦታ ቆማችሁ የምታውቁትን ዘፈን ስሙ፤ ሁሉም ቦታ ላይ የሚበዛውን ብቻ ቀንሱ። አንድ ወንበር ላይ ብቻ የሚጎድል ድምፅ ከግድግዳ ተመልሶ የመጣ ሞገድ የበላው ነው፤ ብትጨምሩለት ሌላው ሰው ይጮህበታል እንጂ አይመለስም። መጨመር ዋጋ እንዳለውም እወቁ፤ 3 ዴሲቤል የአምፑን ኃይል እጥፍ ይፈልጋል፣ 6 ዴሲቤል አራት እጥፍ። ፕሮሰሰሩ በማይክ ለክቶ በራሱ የሚያስተካክል ከሆነ እንደ መነሻ ተጠቀሙበት፣ ያወጣውን ግን በዓይናችሁ እዩ፤ ከ6 በላይ የጨመረበት ቦታ ካለ መልሱት። ባዶ ድንኳን ከተለካ ደግሞ ሰው ሲሞላ ቀጭኑ ድምፅ ይዋጣል፤ ልብስና ሰውነት ይበላዋል።

ሰ) ሊሚተሩን ስፒከሩ ራሱ መገደብ ከሚጀምርበት በታች አድርጉት። ሙዚቃ ለቃችሁ የስፒከሩ ሊሚት መብራት ብልጭ ማለት ሲጀምር ያዙ፤ የፕሮሰሰሩን ሊሚተር ከዚያ ጥቂት ዝቅ አድርጉ። ይህ ለስፒከሩ ሳይሆን ለጆሮ ነው። ስፒከሩ በራሱ ሊሚተር ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ድምፁ ይጨመቃል፣ እንግዳውም ሳያውቀው ይደክመዋል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

ሁለት የተለያየ ሞዴል ቶፕ ግራና ቀኝ አድርጎ በአንድ ቅንብር መንዳት። የየራሳቸው ውስጣዊ ዲሌይ ስላላቸው መሐል ላይ የሚቆመው ዘፋኝ ድምፅ ይሳሳል። አንድ ዓይነቱን ከፊት፣ ሌላውን ለርቀት አድርጉት።

የስፒከሩን የራሱን «ላይቭ»፣ «ሙዚቃ»፣ «ቡስት» የሚል ማስተካከያ ሳያጠፉ ፕሮሰሰሩ ላይ መሥራት። ነገ አንድ ሰው ቁልፉን ቢነካው ልካችሁ ሁሉ ይፈርሳል፤ ሁሉንም «ፍላት» ላይ አድርጋችሁ በፕላስተር ሸፍኑት።

ቤዞቹን መድረኩ ግራና ቀኝ አራርቆ ማስቀመጥም ይታያል። ሲራራቁ መሐል ላይ ይደማመራሉ፣ ከመሐሉ ወጣ ሲባል አንዱ ሌላውን የሚያጠፋበት መስመር ይፈጠራል። ሁለት ቤዝ ብቻ ከያዛችሁ ጎን ለጎን መሐል ላይ አስቀምጧቸው፤ ፕሮሰሰሩም አንድ መውጫ ይቆጥባል። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥር መ ላይ ያለውን ልኬት እንደገና ሥሩ፤ ርቀቱ ተለውጧልና።

ቅንብሩን ሴቭ ስታደርጉ ስሙን በቦታው ጥሩ፦ «ድንኳን 40 ሜትር»፣ «አዳራሽ»፣ «ሜዳ»። ከዚያ በኮድ ቆልፉት። መውጫዎቹ ላይ በፕላስተር 1 ግራ፣ 2 ቀኝ፣ 3 ቤዝ እያላችሁ ለጥፉ፤ ክሮስኦቨሩን፣ ዲሌዮቹንና የስፒከር ቁልፎቹን ቦታ የጻፋችሁበትን ወረቀትም በፕላስቲክ ከታችሁ ራኩ ውስጥ አኑሩት። ኮዱን ግን እዚያ ላይ አትጻፉ።